ከነጭ ሰፈር የወጣው ቃሬዛ

ጠጋ በሉ እስቲ፤ የዋርካው ጥላ ለሁላችን ይበቃል። እግራችሁን ዘርጉ፣ የደከመውም ጀርባውን ለግንዱ ይስጥ። ከዚያች በድንጋይ ከተከበበችው ቦታ ብቻ ወዲህ ሁኑልኝ፤ ለምን እንደሆነ ወሬው ሲያልቅ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። የምነግራችሁ የሰዓዳንና የባሏን የይማም እንድሪስን ነገር ነው። የሆነውም እዚሁ ነው፣ እናንተ በተቀመጣችሁበት።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰማንያ አራት ነበር። ኮምቦልቻ ያኔ በቀለም ተከፋፍላ ትኖር ነበር፤ ነጭ ሰፈር፣ ቢጫ ሰፈር፣ ቀይ ሰፈር። ነጭ ማለት አንድም የማይመለስ ዕቃ የማይገኝበት ሰፈር ነው። የማይመለስ የሚባለውም ቀልጦ፣ ተፈጭቶ ወይ ተጠግኖ ሌላ ነገር መሆን የማይችል ዕቃ ነው። ለነጭ ሰፈር ውሃ በየቀኑ ይመጣል። ለቢጫው በሳምንት ሁለቴ። ለቀዩ በአስራ አምስት ቀን አንዴ፣ እሱም ደፍርሶ። ይሄ ሰፈር፣ ዋርካ ሥር የሚባለው፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ነጭ ነበር።

በዋርካ ሥር ቀን የሚጀምረው በመለየት ነው። ሰዓዳ ስትነቃ ትራሷ ላይ የቀረውን ጸጉር ለቅማ ብርጭቆ ውስጥ ትከታለች፤ ጸጉር ማክሰኞ ይሰበሰባል። የእንቁላል ቅርፊት ትወቅጣለች፣ የሽንኩርት ልጣጭ ለቀለም ታስቀምጣለች፣ ፊቷን የታጠበችበትን ውሃ ለጎመኑ ታጠራቅማለች። አዲስ ጫማ የፈለገ ሰው አሮጌውን አስረክቦ ይመለሳል፤ በሦስተኛው ቀን ያው ጫማ ሌላ ሆኖ ይመጣለታል። ቆሻሻ የሚለው ቃል ከሰው አፍ ጠፍቶ ነበር። ሰው ሲሰደብ ብቻ ይሰማል።

በሰፈሩ በር ላይ አነፍናፊው ቆሟል። ቁመቱ የሰው ያህል የሆነ ግራጫ ምሰሶ ነው። የሚገባውንም የሚወጣውንም ያሸታል፣ በስሙ ይጠራል፣ ይመርቃል።

«ወይዘሮ ሰዓዳ፣ እንደምን አደሩ። ነጭ ይዋሉ» ይላል።

«አሜን» ትላለች እሷ። አሜን የማይል ሰው አልነበረም። ለነገሩ ማንም ሞክሮት አያውቅም።

ይህን ሁሉ ሰፈሩን ያስለመደ ይማም ነው። ይማም በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የብጣሽ ክፍል ሠራተኛ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ሦስት ቅርጫት ይዞ ቤት ለቤት መዞር ጀመረ። አንዱ ለሚበሰብስ፣ አንዱ ለሚቀልጥ፣ አንዱ ለሚጠገን። ያኔ ከቤቱ ጀርባ የቦርከና ወንዝ ዳር በፌስታል ታፍኖ ነበር፤ ላሞች ፌስታል በልተው ይሞቱ ነበር። ሰው መጀመሪያ ላይ ሳቀበት። ጎረቤቱ ብርቄ፣ አፈኛዋ፣ በራፏ ላይ ቆማ «ጋሽ ይማም፣ አራተኛ ቅርጫት ያምጡልኝና ባሌን ልክተተው» አለችው።

«የወደቀ ሁሉ አልሞተም» አላት። «ባልሽም ይጠገናል፤ ትንሽ ታገሽው።»

ያቺ ቃል የሰፈሩ ተረት ሆነች። የተሰበረ ወንበር ሲታይ፣ ፈተና የወደቀ ሰው ሲጽናና፣ ሁሉም «የወደቀ ሁሉ አልሞተም» ይላል። ሃያ ዓመት አስተማረ። ሰፈሩም ነጭ ሆነ።

ከዚያ የይማም ኩላሊት ደከመ።

በቀን አራት ከረጢት መድኃኒት በሆዱ በኩል ይገባለታል፤ የገባውም እድፉን ይዞ በአራት ከረጢት ይወጣል። በየእሑዱ ሣጥን እየመጣለት ሰዓዳ እቤቱ ታደርግለታለች። እጇን እስከ ክንዷ ትታጠብና መስኮቱን ዘግታ፣ ትንፋሿን ይዛ ቱቦውን ታያይዛለች። ከረጢቱ ላይ ቀይ ምልክትና የይማም ስም ታትሟል። አይቀልጥም፣ አይፈጭም፣ አይጠገንም። የአገሩ ዕቃ ሁሉ ሲመለስ ያ ብቻ የማይመለስ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ችግር አልነበረውም፤ ለበሽተኛ ዕቃ የተለየ መኪና ይመጣ ነበር። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ግን ሕጉ ታደሰና አንድ መዝጋቢ መጣ። ትሁት ሰው ነው። ሰፈሩን ሁሉ እዚህ ዋርካ ሥር ሰብስቦ ጠየቀ።

«የማይመለስ ዕቃ የሚጠቀም በሽተኛ አለባችሁ? ካለ ዛሬ ንገሩኝ፤ ይመዘገብና ይፈቀድለታል። ዛሬ ያልተመዘገበ ከዚህ ወዲያ የለም ማለት ነው። የለም ተብሎ ኋላ ከተገኘ ሰፈሩ አምስት ዓመት ቀይ ይሆናል።»

ይኸው ነበር ጥያቄው። አንድ ሰው አንድ ስም ቢጠራ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

ግን የሰውን ሕመም፣ ያውም ባለቤቱ ቁጭ ብሎ እያየ፣ በአደባባይ ማን ይናገራል? ሁሉም ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ይማም ራሱ እንዲናገር ጠበቀው። ይማም ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት ቅርጫት ተሸክሞ ባስተማረበት ዋርካ ሥር ተነስቶ «የማይመለሰው የእኔ ነው» ማለት አቃተው። ሰዓዳ ከሴቶቹ መካከል ሆና የባሏን ጀርባ ታይ ነበር። ሊነሳ ሲል እጁ ከዘራውን ጨበጠ። መልሶ ለቀቀው።

ዝምታው በዛ። የቅሬው፣ የዕድሩ ማለት ነው፣ ዳኛ ደምሌ፣ ለቀብርም ለሐዘንም ሰፈሩን የሚያዝዘው፣ ዝምታ የማይችል ሰው ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሽተኛ የለብንም» አለ።

ሁሉም አሜን አለ። ሰዓዳም አለች።

በማግሥቱ ጠዋት ደምሌ ኮፍያውን በእጁ ይዞ መጣ። «ይማሜ፣ ላሳፍርህ አልፈለግሁም ወላሂ» አለ፤ ክርስቲያን ቢሆንም በወላሂ ነበር የሚምል።

«አውቃለሁ ደምሌ።»

«አንተ ትናገራለህ ብዬ ነበር።»

«እኔም አንተ ትናገራለህ ብዬ ነበር።»

ሁለቱም ሳቁ። ሰዓዳ አልሳቀችም።

«አብሽር» አለ ደምሌ። «ቅሬ የሰው ሐዘን ይካፈላል። ይህንንም እንካፈለዋለን።»

ተካፈሉትም። ላልተመዘገበ መኪናው ቀረ፤ ሣጥኑ ግን ከሌላ ቢሮ ነውና መምጣቱን አላቆመም። አርባ ቤት ነው። የይማም ከረጢት ታጥቦ፣ በአመድ ታሽቶ፣ በየተራ ወደ አንዱ ቤት ይሄዳል። ሰው ፍራሹ ውስጥ ሰፋው፣ ኮርኒሱ ላይ ደረደረው፣ የግድግዳ ስንጥቅ ደፈነበት። ብርቄ መጀመሪያ ሰሞን «ጋሽ ይማም፣ ትራሴ ሆነውልኛል፤ ባሌ ቀና» እያለች ታስቀው ነበር። በጥር ቀልዱ አለቀ። በሚያዝያ ሰው ተራው ሲደርስ በሩን ቀስ ብሎ መክፈት ጀመረ። ማንም አልወስድም አላለም፤ «አስቀምጪው እታለም፣ እዚያ ጋ አስቀምጪው» ይላሉ፣ ዓይኗን ሳያዩ። አነፍናፊውም በሩ ላይ ሆኖ «ይቅርታ፣ አንድ ነገር ሸተተኝ» ማለት አመጣ። ይቅርታ ይጠይቃል እንጂ አይቆጣም።

ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ በረታና የብርቄ ኮርኒስ ወረደ። ከጭቃው ጋር ሠላሳ ከረጢት ማጀት ውስጥ ተዘረገፈ። በዚያው ቀን ከበሩ ድምፅ መጣ፤ ቅዳሜ ቤት ለቤት ፍተሻ አለ።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች የይማም ደጅ ቆሙ። ደምሌ፣ ሼህ እብሬና አንድ ዝም የሚል ሰው። ሰዓዳ ከውስጥ ሆና አየቻቸው። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ይመጣል፣ የተጣላ ሊያስታርቅ ይመጣል፤ እነሱ ልጅ የላቸውም፣ የተጣላቸውም የለም። ባሌን ከሰፈሩ አውጪልን ሊሉኝ ነው ብላ አሰበች። ሣጥኑ ደግሞ በተመዘገበበት ቤት እንጂ ሌላ ቦታ አይሄድም። ከዚህ ወጣ ማለት ሞተ ማለት ነው።

«ግቡ እንጂ» አለ ይማም ከአልጋው።

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ ደምሌ፣ እንደ ደንቡ።

«በሉ ተናገሩ።»

ደምሌ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቃሬዛ አይፈተሽም» አለ።

ሰዓዳ መጀመሪያ አልገባትም። ይማም ግን ወዲያው ገባውና ሆዱን ይዞ እየሳቀ «ልትቀብሩት ነው?» አለ።

«ከየቤቱ እንሰበስበዋለን፣ እንጠቀልለዋለን፣ እንገንዘዋለን። ጥሩንባ ይነፋል። ቅሬው ወጥቶ በወግ ይቀብረዋል። አነፍናፊው ሐዘንተኛ አያቆምም።»

«ሼህ እብሬስ ምን አሉ?»

ሼህ እብሬ ከዘራቸውን ወደ መሬት ጫን አደረጉ። «አብሬ እሄዳለሁ። ጎረቤት ነኝና እሄዳለሁ። በፕላስቲክ ላይ ግን ሶላት አልሰግድም። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አታዩም።»

ሰዓዳ አለቀሰች፤ ከደስታ ነበር። ባሌ አይወጣም ማለት ነው። ወጥታ የሦስቱንም ጉልበት ሳመች። ያን ዕለት ከእነሱ የሚበልጥ ጎረቤት በምድር ላይ ያለ አልመሰላትም።

ሐሙስ ቀን ተሰበሰበ። በአሥር ወር የተጠራቀመው ከረጢት ተጨፍልቆ፣ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ሲታሰር የአንድ ሰው ቁመት ሆነ። መዘኑት፤ ሃምሳ አራት ኪሎ። «የይማምን ያህል ነው» አለ አንዱ፣ ሌላው በክርኑ ጎሸመው። በነጭ ጨርቅ ገነዙት።

ዓርብ ጠዋት ጥሩንባ ተነፋ። ወንዶቹ ቃሬዛውን በትከሻ በትከሻ ተቀባበሉት፤ ሴቶቹ እንደ ደንቡ እስከ በሩ ሊሸኙ ከኋላ ተከተሉ። ይማም እቤቱ፣ መጋረጃው ጀርባ ቀረ።

«ማንን ብዬ ላልቅስ?» አለች ብርቄ በሹክሹክታ።

«አልቅሰሽ ያልወጣልሽ ሰው የለሽም?» አለቻት ሰዓዳ።

ነበራት። ሁሉም ነበረው። አንዷ እናቷን፣ አንዷ ወንድሟን እያነሳች ጀመረች። በሩ ጋ ሲደርሱ የውሸት የሚያለቅስ አንድ ሰው አልነበረም።

አነፍናፊው እንደ ሰው አንገቱን ሰበር አደረገ። ቃሬዛውን አሸተተ። ቀስ ብሎ፣ በጨዋ ድምፅ ጠየቀ።

«ሟቹ አቶ ይማም እንድሪስ ናቸው?»

ለቅሶው በአንዴ ቆመ። ከረጢቱ ላይ ስሙ ታትሟል፤ መድኃኒቱ የእሱ ነው፤ ላቡ፣ እድፉ የእሱ ነው። ሽታውን ያወቀ አፍንጫ ሌላ ምን ይበል? ይህን ከአርባው ቤት አንድ ሰው አላሰበውም ነበር። ደምሌ አይደለም ቢል ማነው ሊባል ነው። ሊገለጥ ነው።

«አዎ» አለ ደምሌ።

«ባለቤታቸው ወይዘሮ ሰዓዳ በመካከላችሁ አሉ» አለ አነፍናፊው። «ወይዘሮ ሰዓዳ፣ ያረጋግጣሉ?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ክፉ ዓይን ቢሆን ኖሮ ይቀልላት ነበር። የሚለምን ዓይን ነበር፤ የብርቄ፣ የደምሌ፣ አሥር ወር ከረጢት ከእጇ የተቀበሉ የአርባ ቤት ሰዎች። አፏን ከፈተች። አዎም አልወጣት፣ አይደለምም አልወጣት። ከሆዷ የወጣው ጩኸት ነው፤ የባል ለቅሶ።

«አላህ ያጽናዎት» አለ አነፍናፊውና በሩ ተከፈተ።

እቤት ስትመለስ ይማም መጋረጃውን ገልጦ ተቀምጧል። «ወግ ያለው ለቅሶ ነበር፤ እስከዚህ ተሰማኝ» አላት። ከዚያ ፊቷን አየ። «ማንን ቀበራችሁ?»

«አንተን።»

ነገረችው። «የወደቀ ሁሉ አልሞተም» አለ፣ ሊያስቃት።

ቅዳሜ ፈታሾቹ መጡ። ሰዎች አልነበሩም፤ የድመት ያህል የሆኑ፣ ምድር ለምድር የሚሄዱ ሦስት ነገሮች ናቸው። ቤት ለቤት አሸተቱ፤ የይማም ሽታ ከነከረጢቱ ወጥቷል ተብሎ ተመዝግቦላቸዋልና የትም አልቆሙም። ይማም መደቡ ላይ ተቀምጦ ነበር። በእግሩ ጣቶች ላይ ተሻግረው አለፉ። ሰዓዳን በስሟ ጠርተው ሰላም አሏት፤ ለእሱ ምንም አላሉትም። ዋርካ ሥር ነጭ እንደሆነ ቀጠለ። ውሃው ያን ዕለት እስከ ማታ አልተቋረጠም።

እሑድ ሣጥኑ መጣ። ባዶ ነው። የሐዘን መግለጫ አለው፤ ከሥሩ ደግሞ ያልተከፈቱ ከረጢቶች ካሉ በዚሁ ሣጥን እንዲመለሱ በትሕትና ይጠይቃል።

በቤቱ ውስጥ የቀሩት ሠላሳ ስድስት ናቸው። የዘጠኝ ቀን።

ሰዓዳ ሣጥኑን ለሚልኩት ደወለች። አንድ ድምፅ ወዲያው አነሳ።

«ባሌ አልሞተም። ይኸው አጠገቤ ነው፤ ያናግራችሁ።»

«ይማም ነኝ» አለ ይማም።

«የሟችን ድምፅ ማስመሰል በሕግ ያስጠይቃል» አለ ድምፁ፤ አልተቆጣም። «ሐዘንዎ ስለከበደ አንመዘግበውም። ሞት በስህተት ተመዝግቦ ከሆነ በቀብሩ የነበሩ ሦስት የሰፈሩ ሽማግሌዎች ባሉበት መቃብሩ ይከፈታል። ሦስቱ ይስማሙ፤ ባለሙያ በዚያው ቀን ይላካል።»

ይማም ከዘራውን አንስቶ ወደ በሩ ሄደ። እንግዲህ ፊቴን ይየኝ አለ። አነፍናፊው ፊት ቆመ፤ በሩ አልተከፈተም። እጁን አወዛወዘ፣ ስሙን ተናገረ፣ በከዘራው ምሰሶውን ቆረቆረ። ከኋላው የመጣችውን ብርቄን «እንደምን ዋሉ» አላት። ለአነፍናፊው፣ ይማም በቆመበት ቦታ ላይ ማንም አልነበረም።

ማታውኑ ሽማግሌዎቹ ተጠሩ። ሦስቱም መጡ፣ ጎንበስ ብለው ሰላም አሉ፣ ይማምን አቀፉት። ሰዓዳ ሁሉን ነገረቻቸው። መቃብሩ ሲከፈት የሚገኘውን ሁሉም ያውቁታል፤ አምስት ዓመት ቀይ።

እንቢ ያላት የለም። ይህን ልብ በሉ ልጆቼ፤ አንድም ሰው እንቢ አላላትም።

«እሺ እታለም፣ እስቲ ከቅሬው ጋር እንምከርበት» አለ ደምሌ። «ሐሙስ እንገናኝ።»

ሐሙስ ተገናኙ። እዚሁ ዋርካ ሥር። ይማምም መጥቶ ተቀመጠ። ብርቄ ልታስቀው ብላ «ጋሽ ይማም፣ ለራስዎ ለቅሶ መጡ?» አለችው። «ለቅሶ ያልደረሰ ይታማል ብዬ ነው» አላት። ሰው ሳቀ፤ ሳቁም ቶሎ ሞተ። የአራስ ቤት እንዳለ ተነገረ። የሚበሉት ጎመን በየቀኑ በሚመጣው ውሃ እንደሚበቅል ተነገረ። ሁሉም እውነት ነው። ስለ ይማም ግን እሱ በተቀመጠበት ማን አፍ አውጥቶ ይናገር?

«ጉዳዩ ከባድ ነው። ቅዳሜ ደግሞ እንየው» ተባለ።

ቅዳሜ ወደ ማክሰኞ ተላለፈ።

ይማም መቁጠር የማያውቅ ሰው አልነበረም። በቀን ከአራት ከረጢት ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ ሁለት ወረደ። ሰዓዳ ስትለምነው «ማሳነስ ያስተማርኩት እኔ አይደለሁም?» ይላታል። እግሩ አበጠ፤ ጣቷን ስትጭነው ጉድጓዱ አይሞላም። ፊቱ ሌላ ሰው መሰለ። ተኝቶ መተንፈስ አቃተውና ትራስ ተደራርቦለት ቁጭ እንዳለ ያንቀላፋል። ማክሰኞ ሲመጣ ደምሌ አሞኛል ብሎ አልመጣም።

የቀረው ሁለት ከረጢት ነበር። ረቡዕ ጠዋት ሰዓዳ አንዱን አደረገችለት፣ አፉን በጨርቅ አበሰችለት፣ ዶማ ይዛ ወጣች።

«ወይዘሮ ሰዓዳ፣ ዶማ ይዘዋል» አላት አነፍናፊው።

«የባሌ መቃብር ሣር በቅሎበታል።»

«ያጽናዎት። ነጭ ይዋሉ።»

«አሜን» አለች። የመጨረሻዋ አሜን ናት።

የሐምሌ መሬት ነው፤ ዶማው አልከበዳትም። ስሙ የተጻፈበትን ድንጋይ ወደ ጎን አደረገችና ቆፈረች። እስከ ጉልበቷ፣ እስከ ጭኗ ገባች። ሌላ አላሰበችም፤ ጉድጓዱ ክፍት ሆኖ ካደረ አንድ አፍንጫ ያሸተዋል፣ አንድ ሰው ይመጣል፣ በግድም ቢሆን ይታያል ብላ ነው። ነጩ ጨርቅ ብቅ አለ። በእጇ ቀደደችው። ቀዩ ምልክት፤ ስሙ። በስሙ ላይ ያለውን ጭቃ በመዳፏ ጠረገችው።

ያኔ የሰው ኮቴ ሰማች። ወንዶቹ ናቸው፣ አሥራ ሁለት ያህሉ፣ አካፋ ይዘው። የቅሬ ደንብ ነው፤ መቃብር ሲቆፈር አንድ ሰው ብቻውን አይተውም። ልቧ ሞላ።

«መጣችሁ?» አለች ከጉድጓዱ ውስጥ። «መጣችሁልኝ?»

ደምሌ ጎንበስ ብሎ እጁን ሰጣት። «ነይ እህቴ። ደክሞሻል።» አወጣት። አንዱ ነጠላውን መሬት ላይ አንጥፎ አስቀመጣት፣ ሌላው ውሃ አቀበላት። ቀዝቃዛ፣ ጥሩ ውሃ። እየጠጣች ሳለ የመጀመሪያው አካፋ አፈር ጨርቁ ላይ ሲወድቅ ሰማች።

እየደፈኑት ነበር።

አልጮኸችም፤ ጩኸቷን በዚያ ዓርብ ጨርሳዋለች። ደምሌ ይደፍናል፣ እንባው ጺሙ ላይ ይወርዳል፣ ይደፍናል። ሼህ እብሬ ኋላ ቀርተው ሲመጡ አዩት።

«ደምሌ፣ ተው» አሉ።

«አርባ ቤት ነው ሼሁ።»

«አውቃለሁ። አንድ ሰውም ነው።»

ማንም አላቆመም። እሳቸውም ወርደው አካፋ አልቀሙም። መጥተው ከሰዓዳ አጠገብ፣ ባዶ መሬት ላይ ተቀመጡ። የቻሉት ያንን ነው።

ይማም ቅዳሜ ረፋድ ላይ አረፈ። ከዚያ በፊት አእምሮው ደህና ነበር። «የማክሰኞውን ጸጉር ሰጠሽ?» ብሎ ጠይቋታል።

«ሰጠሁ» አለችው። አልሰጠችም ነበር።

«አትጥያቸው» አላት፣ በየቃሉ እያረፈ። «እኔ ነኝ። ስለ ዕቃ አስተማርኳቸው። ስለ ሰውማ... የሚያውቁ መስሎኝ ነው።»

ጥሩንባ ተነፋ። ቅሬው አንድም ሳይቀር ወጣ። ማንም ማንን ብዬ ላልቅስ አላለም። ሼህ እብሬ ከፊት ቆመው ሰገዱበት፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ሁሉም አየ። ቃሬዛው በሩ ፊት ደረሰ።

«ምን ይዛችኋል?» አለ አነፍናፊው።

«ሰው ነው» አለ ደምሌ።

«የሰፈሩ ነዋሪ ሁሉ በሕይወት አለ። አቶ ይማም እንድሪስ ቀደም ብለው አርፈዋል።» ቃሬዛውን አሸተተ፤ አንገቱን ሰበር እንዳደረገ ቆየ። «ያልታወቀ። የማይመለስ። አንድ። ክብደት ሃምሳ አራት ኪሎ። ከሰፈሩ የወጣ ተብሎ ይመዝገብ?»

አዎ ከተባለ ሰፈሩ ቀይ ነው። ደምሌ አፉን ከፈተ። እስከዛሬ የሚያወሩ አሉ፤ ያኔ እንኳ እውነቱን ሊናገር ነበር ይላሉ። እኔ አላውቅም። ሰዓዳ ግን ከሴቶቹ መካከል ወጥታ እጇን ቃሬዛው ላይ አደረገች።

«መልሱት» አለች። «ወደ ቤቱ መልሱት።»

ተሳስተን ነው አለ ደምሌ ለምሰሶው፤ ይቅርታም ጠየቀ። ቃሬዛው ዞረ። እዚህ ዋርካ ሥር፣ ያን መስከረም ሁሉም ዝም ባለበት ቦታ ላይ ቆፈሩ። ዙሪያውን ድንጋይ የደረደረችው ሰዓዳ ናት። ስም አልተጻፈበትም፤ ስም ከተጻፈ ይገኛል።

ሰፈሩ ከዚያ ወዲያ አሥራ አንድ ዓመት ነጭ ሆኖ ኖረ። ሰዓዳም ኖረች። በየጠዋቱ በበሩ ስታልፍ አነፍናፊው «ነጭ ይዋሉ» ይላታል፤ እሷ ዝም ትላለች። በሩን ሳይከፍት ይጠብቃል። ደግሞ ይላል። ዝም ብላ ትቆማለች፣ ከኋላዋ ሰው ይሰለፋል፣ ውሃ ቀጂው፣ ሠራተኛው፣ ደምሌም። ማንም አፍ አውጥቶ አልፊ አይላትም። እንዲህ እያለች ሰፈሩን በየቀኑ ታቆመው ነበር።

አሁን ነገሬ አለቀ። የላይኛው መቃብር ቦታ ይማም እንድሪስ የሚል ድንጋይ ብታዩ እሱ እዚያ የለም፤ እዚሁ አጠገባችሁ ነው። አንድ ቀን አንድ ሰው መጥቶ በመካከላችሁ የታመመ አለ ወይ ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ ዓይናችሁን መሬት ላይ ከመጣላችሁ በፊት ይህቺን ቦታ አስታውሱልኝ። ስትነሱም ቀስ ብላችሁ ተነሱ፤ ድንጋዩን እንዳትረግጡት።